ከሌሊቱ 8 ሰዓት ላይ ኔትወርካችሁ ውስጥ ማን አለ?

ሐዋሳ ውስጥ፣ ሐይቁ ዳር ካለ አንድ ፔንሲዮን ተጠርቼ ሄድኩ። ባለቤቷ ትልቅ ሴት ናቸው። «ልጄ፣ ኢንተርኔቱ ቀን ቀን ደህና ነው። ሌሊት ግን እንግዳው ሁሉ እየደወለ ያማርራል» አሉኝ። ራውተሩን አየሁት፣ ደህና ነው። መስመሩን ለካሁት፣ እሱም ደህና ነው። ያን ቀን ምንም አልነካሁም። አንድ አሮጌ ላፕቶፕ አስቀምጬ፣ ኬብሎቹ ሁሉ በሚሰኩበት ስዊች፣ በእያንዳንዱ ፖርት (የኬብል ቀዳዳ) የሚያልፈውን ዳታ እንዲመዘግብ አድርጌ ወጣሁ።

በአራተኛው ቀን ግራፉን ከፈትኩት። በየሌሊቱ ከ7 እስከ 11 ሰዓት ከፖርት 11 ወደ ውጭ የሚሄደው ዳታ መስመሩን ጢም አድርጎ ሞልቶታል። የሚገባ ነገር የለም ማለት ይቻላል። ሁሉም የሚወጣ ነው። ኬብሉን በእጄ እየተከተልኩ ሄድኩ። ከስዊቹ ወጥቶ በኮርኒሱ ዞሮ ሪሴፕሽኑ ጠረጴዛ ሥር ገባ። ከውሃ ካርቶኖች ጀርባ አቧራ የጠጣ የካሜራ መቅጃ ተቀምጧል። ፓስወርዱ ከፋብሪካ የመጣበት ነው። እማማ ካሜራቸውን በስልክ እንዲያዩ ተብሎ ከውጭ በቀጥታ እንዲገባበት ተከፍቷል። በዚያው በር ሌላ ሰው ገብቶ መሣሪያውን ለራሱ ሥራ ያዞረው ነበር።

«ካሜራውን እኮ የገዛሁት ሌባ እንዲጠብቅልኝ ነው» አሉ እማማ።

ይህን መመሪያ የጻፍኩት እንዲህ ያለ ቦታ ለሚጠብቁ ሰዎች ነው። የፔንሲዮን፣ የትምህርት ቤት፣ የክሊኒክ፣ የሒሳብ ቢሮ ኔትወርክ በእጃችሁ ካለ፣ መሣሪያዎቹም ከ10 እስከ 60 ቢሆኑ፣ ከዚህ በታች ያለውን ሁሉ መሥራት ትችላላችሁ። ሶፍትዌሩ በሙሉ ነፃ ነው። የሚያስፈልጋችሁ አሮጌ ላፕቶፕ፣ ሴቲንጉ የሚነካካ ስዊች፣ ደብተር እና የሁለት ሳምንት ትዕግሥት ነው።

ሰው መጀመሪያ የሚጠይቀኝ «የትኛውን ሶፍትዌር ልጫን?» ብሎ ነው። እኔ ግን ሁሌም ከደብተሩ ነው የማስጀምረው። ጤነኛውን ቀን የማያውቅ ሰው ታማሚውን ቀን ሊለየው አይችልም። እ.ኤ.አ. በ1986 ካሊፎርኒያ በሚገኘው የሎረንስ በርክሌይ ላቦራቶሪ፣ ክሊፎርድ ስቶል የሚባል የሥነ ፈለክ ባለሙያ የኮምፒውተር አጠቃቀም ሒሳብ ላይ የ75 ሳንቲም ልዩነት አጣራ ተባለ። ያቺን ሳንቲም ሲከተል ምዕራብ ጀርመን ውስጥ ሆኖ የአሜሪካ ወታደራዊ ኮምፒውተሮችን የሚበረብር ሰው ላይ ደረሰ። 75 ሳንቲም ዓይን ውስጥ የገባችው ሒሳቡ ሌላ ጊዜ ይገጥም ስለነበር ነው።

ከመጀመራችሁ በፊት

የምትከታተሉት የራሳችሁን ኔትወርክ ወይም ባለቤቱ በጽሑፍ የፈቀደላችሁን ብቻ ነው። የኮምፒውተር ወንጀል አዋጅ ቁጥር 958/2008 ያለፈቃድ ሰው ሲስተም ውስጥ መግባትንም የሰው ግንኙነት መጥለፍንም በወንጀል ያስቀጣል። ለሠራተኞች አስቀድማችሁ ንገሩ። እንግዳ ከማን ጋር ምን እንደተጻጻፈ የእናንተ ጉዳይ አይደለም። የእናንተ ጉዳይ የትኛው መሣሪያ፣ መቼ፣ ምን ያህል ዳታ፣ ወደየት ላከ የሚለው ነው።

1. በእግር ዞራችሁ መዝግቡ

ደብተርና እስክሪብቶ ይዛችሁ ከራውተሩ ጀምሩ። እያንዳንዱን ኬብል እስከ መጨረሻው ተከተሉ። ለእያንዳንዱ መሣሪያ ምን እንደሆነ፣ የት እንደተቀመጠ፣ ስዊቹ ላይ ስንተኛ ፖርት እንደያዘ፣ አይፒ አድራሻውን (ኔትወርኩ ላይ የሚጠራበትን ቁጥር)፣ ማክ አድራሻውን (ከፋብሪካ ይዞት የመጣውን መለያ)፣ ፓስወርዱ በማን እጅ እንዳለ ጻፉ። ኬብሉ ጫፍ ላይ ነጭ ፕላስተር ጠቅልላችሁ ቁጥር ጻፉበት። ኮርኒስ ውስጥ የገባ ኬብል ካለ መሰላል አምጡ። ማንም የማያውቀው መሣሪያ የሚገኘው ብዙ ጊዜ እዚያ ነው።

ከዚያ ላፕቶፑ ላይ ኤንማፕን ጭናችሁ ኔትወርኩን ቃኙ። ኮምፒውተር ከሌለ በስልክ ፊንግ የሚባለው አፕ ይበቃል። አሁን ሁለት ዝርዝር አላችሁ፤ አንዱ በእግር፣ አንዱ በቅኝት የተገኘ። ጎን ለጎን አስቀምጧቸው። ቅኝቱ ላይ ኖሮ ደብተሩ ላይ የሌለ መሣሪያ ሁሉ ምንነቱ እስኪታወቅ ድረስ ይፈለጋል። የማክ አድራሻው የመጀመሪያ ግማሽ የአምራቹን ማንነት ስለሚናገር ካሜራ ይሁን ፕሪንተር ለመገመት ይረዳል።

ስልኮች ላይ ግን ተጠንቀቁ። ከአንድሮይድ 10 እና ከአይኦኤስ 14 ወዲህ ስልኮች ለየዋይፋዩ የፈጠራ ማክ አድራሻ ይጠቀማሉ። መለያው ቀላል ነው። የአድራሻው ሁለተኛ ምልክት 2፣ 6፣ A ወይም E ከሆነ ከፋብሪካ የመጣ አይደለም። እንዲህ ያለ አድራሻ እንግዶች መረብ ውስጥ ስታዩ አትደንግጡ። ካሜራዎቹ መካከል ካያችሁት ግን ተነሡ።

2. እንግዳውን፣ ካሜራውንና ቢሮውን ለያዩ

ሁሉም አንድ መረብ ውስጥ ተቀላቅሎ ከሆነ ክትትል ከንቱ ድካም ነው። ስዊቹ ላይ ሦስት ቪላን (በአንድ ስዊች ላይ ተለያይተው የሚሠሩ መረቦች) አዘጋጁ። ቢሮው ለምሳሌ 192.168.10፣ ካሜራዎቹ 192.168.20፣ እንግዶቹ 192.168.30 ይሁኑ። ከእንግዶች ወደ ሌሎቹ ምንም እንዳይሻገር በፋየርዎል ዝጉ። ካሜራዎቹን ጭራሽ ወደ ኢንተርኔት እንዳይወጡ ከልክሏቸው። ካሜራ ከውጭ ማየት የሚፈልግ ባለቤት ራውተሩ ላይ በሚሠራ ቪፒኤን (የተመሰጠረ የግል መስመር) ይግባ። ማይክሮቲክ በሚባሉት ራውተሮች ላይ ከሶፍትዌሩ ስሪት 7 ጀምሮ ዋየርጋርድ የሚባል ቪፒኤን አብሮ አለ፤ ስልክ ላይ ማስገባቱም የአምስት ደቂቃ ሥራ ነው።

በዚሁ አጋጣሚ የፋብሪካ ፓስወርዶችን ሁሉ ቀይሩ። እ.ኤ.አ. በ2016 ዓለምን ያመሰው ሚራይ የተባለው ጥቃት ረቂቅ ነገር አልነበረበትም። ወደ 60 የሚሆኑ የታወቁ የፋብሪካ ስምና ፓስወርዶችን በፖርት 23 (ይህኛው ፖርት የኬብል ቀዳዳ ሳይሆን ሶፍትዌር የሚገባበት በር ቁጥር ነው) እየሞከረ በመቶ ሺዎች የሚቆጠሩ ካሜራዎችንና መቅጃዎችን ወሰደ። ማይክሮቲክ ራውተር ካላችሁ ደግሞ ሶፍትዌሩን አድሱ። ከ6.42.1 በፊት የነበሩት ብዙ ስሪቶች በፖርት 8291 የፓስወርድ ፋይሉን ለውጭ ሰው የሚያስነብብ ቀዳዳ ነበረባቸው። ማስተካከያው የወጣው እ.ኤ.አ. በ2018 ነው። ዛሬም ያልታደሰ ራውተር ያጋጥመኛል።

3. ሰዓቱን አስተካክሉ

ብዙ መመሪያዎች ይህን በአንድ መስመር ያልፉታል። እኛ አገር ግን ትልቅ ጉዳይ ነው።

ብዙ ርካሽ ራውተሮች ውስጥ የሰዓት ባትሪ የለም። መብራት ጠፍቶ ሲመጣ ቀኑ ወደ ጃንዋሪ 1 ቀን 1970 ይመለሳል። ኢንተርኔት እስኪገኝ ድረስ የሚጻፈው ሎግ (መሣሪያው የሆነውን የሚመዘግብበት መዝገብ) ሁሉ የ1970 ነው። መብራት በቀን ሁለቴ በሄደበት ሳምንት የተፈጸመ ጥቃትን መርምሬ አውቃለሁ። የቱ ከየቱ እንደሚቀድም ማወቅ አልተቻለም።

መፍትሔው የክትትል ላፕቶፑን ሰዓት ሰጪ ማድረግ ነው። ላፕቶፕ የራሱ የሰዓት ባትሪ አለው። ክሮኒ የሚባለውን ፕሮግራም ጫኑበትና ራውተር፣ ስዊች፣ ካሜራ ሁሉ ሰዓታቸውን ከእሱ እንዲወስዱ አድርጉ። ኢንተርኔት ለጊዜው ባይኖርም ሰዓቱ ብዙ አይዛነፍም። ሁሉም መሣሪያ ላይ የሰዓት ቀጠናው አዲስ አበባ ይሁን፤ ከዓለም አቀፉ ሰዓት በ3 ይቀድማል።

አንድ ነገር ደብተራችሁ ሽፋን ላይ በትልቁ ጻፉ። ሎጉ የፈረንጅ ሰዓት ነው። ሎጉ ላይ 02፡00 ማለት ከሌሊቱ 8 ሰዓት ነው። የዘብ ጠባቂውን «8 ሰዓት ላይ ማን ነበር?» ብላችሁ ስትጠይቁ ስለየትኛው 8 ሰዓት እንደምታወሩ እርግጠኛ ሁኑ። በዚህ ምክንያት ያለጥፋቱ የተጠረጠረ የቀን ሠራተኛ አይቻለሁ።

4. ላፕቶፑን አዘጋጁ

4 ጊጋ ራም ያለው አሮጌ ላፕቶፕ ይበቃል። ሃርድ ዲስኩን በ120 ጊጋ ኤስኤስዲ ብትቀይሩት ይመረጣል። ላፕቶፕ የምመርጠው መብራት ሲሄድ በራሱ ባትሪ ስለሚቆይ ነው። ባትሪው ካበጠ ግን ወዲያው አውጡት፤ እሳት ያመጣል። ራውተሩና ስዊቹም አነስተኛ ዩፒኤስ ይኑራቸው።

ዴቢያን ወይም ኡቡንቱ የሚባለውን ነፃ ኦፕሬቲንግ ሲስተም ጫኑ። ክዳኑ ሲዘጋ እንዳይተኛ አስተካክሉት። በዋይፋይ ሳይሆን በኬብል አገናኙት። ቋሚ አይፒ ስጡት። ከዚያ መሣሪያዎቹን እየጠየቀ ግራፍ የሚሠራውን ዛቢክስን ጫኑ። ሊብሬኤንኤምኤስም ጥሩ ነው። እኔ ዛቢክስን የምወደው ማንቂያውን በቴሌግራም ስለሚልክልኝ ነው። ዛቢክስም ማይክሮቲክም የላትቪያዋ ሪጋ ልጆች ናቸው፤ እርስ በርስም ይግባባሉ።

ይህ ላፕቶፕ የሁሉም ቁልፍ የሚቀመጥበት ቦታ ነው። ፊልም አይታይበት፣ ፍላሽ አይሰካበት። በሚቆለፍ ክፍል ይቀመጥ።

5. መሣሪያዎቹን ጠይቋቸው

መሣሪያን «ስንት ዳታ አለፈብህ? ፕሮሰሰርህ ምን ያህል ሠርቷል? ከተነሣህ ስንት ሰዓት ሆነህ?» ብሎ የመጠየቂያው ቋንቋ ኤስኤንኤምፒ ይባላል። እ.ኤ.አ. በ1988 የወጣ ነው። ጥያቄው በፖርት 161 ይሄዳል። መሣሪያው ሳይጠየቅ የሚጮኸው ደግሞ በፖርት 162 ነው።

ራውተሩና ስዊቹ ላይ ስትከፍቱት ሦስት ነገር አድርጉ። ስሪት 3ን ምረጡ፤ ፓስወርድና ምስጠራ ያለው እሱ ነው። መሣሪያችሁ ስሪት 2 ብቻ ካለው «ፐብሊክ» የሚለውን የፋብሪካ መጠሪያ በሌላ ረጅም ቃል ቀይሩ። ማንበብ ብቻ ፍቀዱ፣ መጻፍ አይፈቀድ። መልስ የሚሰጠውም ለላፕቶፑ አይፒ ብቻ ይሁን።

ስሪት 1ን ተዉት። ቆጣሪው ትንሽ ነው፤ ወደ 4.3 ቢሊዮን ባይት ሲደርስ ወደ ዜሮ ይመለሳል። የ1 ጊጋቢት ፖርት ሙሉ በሙሉ ሲሠራ ይህ በ34 ሰከንድ ውስጥ ይሞላል። እናንተ በየ5 ደቂቃው የምትጠይቁ ከሆነ በመሐል ስንት ጊዜ እንደዞረ አታውቁም። ግራፉ ይዋሻችኋል። ስሪት 2 እና 3 ትልቁን ቆጣሪ ያውቃሉ።

ፒንግ («አለህ ወይ?» ብሎ መሣሪያውን መጥራት) በየ1 ደቂቃው፣ የፖርት ቆጣሪ በየ5 ደቂቃው ይበቃል። ለእያንዳንዱ ፖርት በደብተራችሁ ላይ ያለውን ስም ስጡት። «ፖርት 11» ከሚል ይልቅ «ሪሴፕሽን ካሜራ መቅጃ» የሚል ግራፍ በእንቅልፍ ዓይን እንኳ ይገባል።

ግራፉ ምን ያህል እንደሄደ እንጂ ወደየት እንደሄደ አይነግራችሁም። ለዚያ ራውተሩ ላይ ትራፊክ ፍሎው የሚባለውን ክፈቱ። ሲስኮ እ.ኤ.አ. በ1996 ኔትፍሎው ብሎ ያመጣው ሐሳብ ነው። ማን ለማን፣ በየትኛው ፖርት፣ ስንት ባይት ላከ የሚለውን እንደ ስልክ ቢል ይዘረዝራል። የተነገረውን አይመዘግብም፤ የደወለውንና የተደወለለትን ብቻ ነው። ላፕቶፑ ላይ ኤንኤፍደምፕ ይቀበለዋል።

6. ሎጉን ከመሣሪያው አውጡ

የማይክሮቲክ ሎግ ከፋብሪካ እንደመጣ የሚይዘው 1000 መስመር ነው፤ እሱም ሚሞሪ ላይ። መብራት ሲሄድ አብሮ ይሄዳል። የገባ ሰውም መጀመሪያ የሚያጠፋው እሱን ነው። ስለዚህ እያንዳንዱ መስመር በተጻፈበት ቅጽበት ወደ ላፕቶፑ ይላክ። ሲስሎግ ይባላል፤ የተለመደው ፖርት 514 ነው።

ሁሉንም አትላኩ፣ ትሰጥማላችሁ። የገባና ገብቶ ያልተሳካለት፣ የተለወጠ ሴቲንግ፣ አዲስ የተሰጠ አይፒ አድራሻ፣ የተነቀለና የተሰካ ኬብል፣ ከውጭ መጥቶ ፋየርዎል የከለከለው፤ እነዚህ በቂ ናቸው። ቢያንስ ለ90 ቀን አቆዩት። ብዙ ሰው ሎግ የሚከፍተው ገንዘብ ከጠፋ በኋላ ነው። ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ የሚባለው ይህ ነው።

7. ሁለት ሳምንት ዝም ብላችሁ እዩ

አሁን እጃችሁን ሰብስቡ። ማንቂያ አትክፈቱ። በየጠዋቱ 10 ደቂቃ ግራፉን እያያችሁ ደብተሩ ላይ ጻፉ። ስንት ሰዓት ይጨምራል? ስንት ሰዓት ይሞታል? ከየፖርቱ የሚወጣው ከሚገባው ጋር ሲነጻጸር ስንት ነው? ተራ ቢሮ ከሚልከው የሚቀበለው ይበልጣል። ይህ የተገለበጠበት ፖርት ካያችሁ ምክንያት ሊኖረው ይገባል።

ይህን የምጽፈው ለሐዋሳ ሰው ስለሆነ አንድ ነገር ልጨምር። የእኛ ከተማ «ተራ ሳምንት» እንደ ወቅቱ ነው። ታኅሣሥ 19 እና ሐምሌ 19 የገብርኤል ንግሥ ሲሆን ከየአገሩ የመጣ እንግዳ አልጋውን ሁሉ ይሞላዋል። ፍቼ ጨምበላላ ሲደርስም እንዲሁ። ስብሰባ ያለበት ሳምንትም ሌላ ነው፤ ከጠዋቱ 2 ሰዓት ተኩል ላይ 80 ላፕቶፕ በአንድ ጊዜ ይከፈታል። የንግሥ ሳምንትን እንደ ተራ ከወሰዳችሁ በኋላ የሚመጣው ጥቃት ትንሽ ይመስላችኋል። ተራውን ሳምንት ወስዳችሁ በንግሥ ቀን ከተመለከታችሁ ደግሞ ሁሉም ጥቃት ይመስላችኋል። ስለዚህ ደብተሩ ላይ ከቁጥሩ ጎን በዓሉን፣ ስብሰባውን፣ መብራት የሄደበትን ሰዓት ጻፉ። ይህን ማንም ሶፍትዌር አይጽፍላችሁም።

8. ጥቂት ማንቂያ ክፈቱ

በቀን 50 ጊዜ የሚጮህ ስልክ በሦስተኛው ቀን ድምፁ ይጠፋል። እኔ ትንሽ ቦታ ላይ ከስምንት በላይ አልከፍትም።

የመጀመሪያው፣ ቢሮው ወይም ካሜራው መረብ ውስጥ ደብተር ላይ የሌለ ማክ አድራሻ ሲታይ ነው። ሁለተኛው፣ ራውተሩ ውስጥ ከሥራ ሰዓት ውጭ ሰው ሲገባ። እዚህ ላይ የተሳካው መግባት ካልተሳካው ይበልጥ ያስፈራኛል። ሦስተኛው፣ በ1 ደቂቃ ውስጥ 5 የተሳሳተ ፓስወርድ። አራተኛው፣ ከሌሊቱ 6 እስከ 11 ሰዓት የሚወጣው ዳታ ደብተር ላይ ካለው እጥፍ ሲያልፍ። አምስተኛው፣ ራውተሩ ላይ አዲስ ተጠቃሚ ሲፈጠር ወይም የዲኤንኤስ አድራሻው ሲለወጥ። ዲኤንኤስ የድረ ገጽ ስምን ወደ አይፒ አድራሻ የሚተረጉመው ነው፤ እሱን የቀየረ ሰው እናንተ የባንካችሁን ስም ስትጽፉ ወደ ራሱ ገጽ ሊወስዳችሁ ይችላል።

ስድስተኛው የራውተሩ ማክ አድራሻ በድንገት ሲለወጥ ነው። ይህ አንድ መሣሪያ «ራውተሩ እኔ ነኝ» እያለ ሌሎቹን እያታለለ መሆኑን ያሳያል። አርፕዋች የሚባለው ትንሽ ፕሮግራም ይይዘዋል።

ሰባተኛው ሁለተኛ አይፒ አዳይ ሲገኝ ነው። ይህ አብዛኛውን ጊዜ ጥቃት አይደለም። አንድ ሠራተኛ ቢሮው ዋይፋይ አልደርሰው ሲል ከቤቱ ራውተር አምጥቶ ግድግዳው ሶኬት ላይ ይሰካል። የግማሹ ቢሮ ኮምፒውተር ከእሱ አይፒ ይወስድና ሥራ ይቆማል። ልጁን አትቆጡት። ዋይፋይ የማይደርስበትን ክፍል አሳይቷችኋል። ስዊቹ ላይ ግን ዲኤችሲፒ ስኑፒንግን ክፈቱ፤ እንዲህ ያለውን ራሱ ይዘጋዋል።

ስምንተኛው መሣሪያ ሲጠፋ ነው። እዚህ ላይ መብራትን ከጥቃት መለየት አለባችሁ። ሁሉም አንድ ላይ ከጠፉ መብራት ነው። አንድ ካሜራ ብቻ፣ ያውም የኋላ በር ካሜራ ከጠፋ ወደዚያው ሂዱ። ዛቢክስ ላይ ሌሎቹ መሣሪያዎች በስዊቹ ላይ ጥገኛ መሆናቸውን ካስገባችሁለት ስዊቹ ሲሞት አንዴ ብቻ ይጮኻል።

ዋናው ኢንተርኔት ራሱ ከተቆረጠ ማንቂያው በምን ይወጣል? ላፕቶፑ ላይ የሌላ መስመር ሲም ያለው ዩኤስቢ ሞደም ሰኩ። ዋናው መስመር የኢትዮ ቴሌኮም ከሆነ ሞደሙ የሳፋሪኮም ይሁን፣ ወይም በተገላቢጦሽ። እጅግ ትንሽ ፓኬጅ ይበቃዋል።

9. ሱሪካታ

እስካሁን ያየነው ቆጣሪና ሎግ ነው። የሚያልፈውን ዳታ ራሱን የሚመረምሩ ሶፍትዌሮችም አሉ። ሐሳቡ የቆየ ነው። ዶሮቲ ዴኒንግ እ.ኤ.አ. በ1987 ባሳተመችው ጥናት የተጠቃሚን የተለመደ ጠባይ መዝግቦ ከዚያ የወጣውን መለየት እንደሚቻል አሳየች። ከላይ በደብተር የሠራነው የእሷን ሐሳብ ነው። ሌላው መንገድ የታወቀ ጥቃትን ምልክት ይዞ መፈለግ ነው። ማርቲን ሮሽ እ.ኤ.አ. በ1998 ያወጣው ስኖርት በዚህ ታወቀ። ሱሪካታ የሚባለው ተመሳሳይ ሶፍትዌር የመጣው ከእሱ በኋላ ነው፤ ብዙ ፕሮሰሰርን በአንድ ጊዜ ስለሚጠቀም ለአሮጌ ላፕቶፕ እሱን እመርጣለሁ።

ለዚህ ላፕቶፑ ሁለተኛ የኬብል ቀዳዳ ያስፈልገዋል። ዩኤስቢ የሚሰካ የኔትወርክ አዳፕተር ግዙ። ስዊቹ ላይ ወደ ራውተሩ የሚሄደው ፖርት ቅጂ ወደዚህ አዳፕተር እንዲላክ አድርጉ፤ ሚረሪንግ ይባላል። አዳፕተሩ አይፒ አይኑረው፤ ይስማ እንጂ አይናገር። ኢመርጂንግ ትሬትስ የሚያወጣውን ነፃ የምልክት ዝርዝር ጫኑና በየቀኑ እንዲታደስ አድርጉ።

መጀመሪያ ይጩህ እንጂ አይዝጋ። ገና ያልተገራ ሱሪካታ እንዲዘጋ ከፈቀዳችሁለት የሒሳብ ክፍሉን ሥራ በወር መጨረሻ ያቆመዋል። ለትንሽ ቦታ ዋጋ ያላቸው ጩኸቶች ከውስጥ የሚነሡት ናቸው። አንድ ኮምፒውተር ጎረቤቶቹን ሁሉ በፖርት 445 እያንኳኳ ከሆነ እ.ኤ.አ. በ2017 ዓለምን እንዳዳረሰው ዋናክራይ ያለ ተዛማች ነገር ይዞት ሊሆን ይችላል። አንድ ካሜራ የማያውቃቸውን አድራሻዎች በፖርት 23 ካንኳኳ ሌሎች ካሜራዎችን እየፈለገ ነው። ዛሬ አብዛኛው ዳታ የተመሰጠረ ስለሆነ ሱሪካታ ውስጡን አያነብም። መድረሻውንና ጠባዩን ግን ያያል።

ከ1 እስከ 8 ያለውን ያልጨረሰ ሰው ሱሪካታን ባይነካው ይሻላል።

10. ወጥመድ አስቀምጡ

ከሁሉም የምወደው ይህ ነው፤ ርካሽም ነው። ምንም ሥራ የሌለው የውሸት መሣሪያ ትሠራላችሁ። ኦፕንካናሪ የሚባል ነፃ ፕሮግራም አለ፤ ራስበሪ ፓይ በምትባል ትንሽ ኮምፒውተር ላይ፣ አሮጌም ብትሆን፣ ይሠራል። ራሱን የፋይል ሰርቨር አስመስሎ ይቀመጣል። «ደመወዝ» የሚል ፎልደር አስቀምጡበት። ስለእሱ ለማንም አትንገሩ፣ ከባለቤቱ በቀር።

ደህና ሰው ወደዚያ የሚሄድበት ምክንያት የለውም። ኔትወርኩን የሚበረብር ሰው ግን ማንኳኳቱ አይቀርም። ይህ መሣሪያ ከጮኸ የሐሰት የመሆን ዕድሉ በጣም ትንሽ ነው። ከእንቅልፋችሁ የሚቀሰቅሳችሁ ማንቂያ አንድ ብቻ ይሁን ብትሉኝ ይህን እመርጣለሁ። አንድ ጥንቃቄ ብቻ፦ የራሳችሁ የዛቢክስ ቅኝት እንዳይነካው አውጡት፤ አለዚያ በየሰዓቱ ራሳችሁን ትይዛላችሁ።

11. ራሳችሁ ፈትኑት

ያልተፈተነ ማንቂያ ጌጥ ነው። አንድ ቀን ማታ እንግዳ ሲቀንስ ይህን አድርጉ። ደብተር ላይ የሌለ ላፕቶፕ ቢሮው ሶኬት ላይ ሰኩ። ራውተሩ ላይ ስድስት ጊዜ የተሳሳተ ፓስወርድ አስገቡ። አንድ ካሜራ ንቀሉ። «ደመወዝ»ን ክፈቱ። በመጨረሻ ዋናውን የኢንተርኔት ኬብል ንቀሉ። ለእያንዳንዱ ቴሌግራማችሁ ላይ መልእክት እስኪመጣ ስንት ሰከንድ እንደፈጀ ጻፉ። ያልመጣውን አስተካክላችሁ ድገሙት። በየሦስት ወሩም እንዲሁ።

12. ሲጮህ

መጀመሪያ ሰዓቱን ጻፉ። ከዚያ የተጠረጠረውን መሣሪያ የኔትወርክ ኬብል ንቀሉ። መሣሪያውን ግን አታጥፉት። ሲጠፋ ሚሞሪው ላይ ያለው ማስረጃ አብሮ ይጠፋል። ስክሪኑን በስልክ ፎቶ አንሡ። ላፕቶፑ ላይ ያለውን የዚያን ሳምንት ሎግ ቅጂ ወደ ሌላ ዲስክ አውጡ።

የተነካው ማይክሮቲክ ራውተር ከሆነ እነዚህን እዩ፦ የማታውቁት ተጠቃሚ፣ በሰዓት የሚሠራ ትእዛዝ፣ የማታውቁት ስክሪፕት፣ የተከፈተ ሶክስ ፕሮክሲ (ሌላ ሰው በእናንተ መስመር የሚያልፍበት)፣ የተለወጠ ዲኤንኤስ፣ ዳታችሁን ወደ ውጭ የሚገለብጥ ስኒፈር። ካገኛችሁ መሰረዙ ብቻ አይበቃም። ኔትኢንስታል በሚባለው መንገድ ሶፍትዌሩን ከባዶ ጫኑ። የድሮውን ባካፕ አትመልሱ፤ ሌባውም አብሮ ሊመለስ ይችላል። ሴቲንጉን ከደብተራችሁ በእጅ አስገቡ። ፓስወርዶችን ሁሉ ንጹሕ ከሆነ ኮምፒውተር ቀይሩ።

ገንዘብ ወይም የሰው መረጃ ከተነካ ለባለቤቱ በዚያው ቀን ንገሩ። ለፖሊስና ለኢንፎርሜሽን መረብ ደህንነት አስተዳደር የሚቀርበው ያወጣችሁት የሎግ ቅጂ፣ ፎቶውና ደብተሩ ነው።

ከዚያ ያንኑ ፖርት ሁለት ሳምንት ተከታተሉ። የገባ ሰው በገባበት በር ተመልሶ ይሞክራል። የፔንሲዮኑን መቅጃ ሶፍትዌሩን አድሼ፣ ፓስወርዱን ቀይሬ፣ ከኢንተርኔት ለይቼ፣ ለእማማ ቪፒኤን ስልካቸው ላይ አስገባሁላቸው። በሦስተኛው ሌሊት ልክ 02፡00 ላይ ሎጉ መሙላት ጀመረ። ከውጭ የመጣ፣ ወደ ድሮው ፖርት፣ ተከልክሏል። ከውጭ የመጣ፣ ወደ ድሮው ፖርት፣ ተከልክሏል። እስከ ሌሊቱ 10 ሰዓት ድረስ እንዲህ እያለ ሄደ። ፖርት 11 ላይ ያለው ግራፍ ንቅንቅ አላለም።